ከሽንኩርቱ በፊት

ሕፃኗን የሚመዝኑት ከሽንኩርቱ በፊት ነበር። ሱቁ ሳይከፈት፣ ሚዛኑን ገና አፈር ሳይነካው፣ አያቷ፣ የእናቷ አማት፣ የብረቱን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ደረቅ ፎጣ ያነጥፉበትና «መድኃኒት! ነይ የኔ መድኃኒት!» ብለው ይጣራሉ። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ስትጠራ የያዘችውን ጥላ፣ አንዳንዴም ግማሽ እንቁላል በጉንጯ እንደወተፈች፣ እየተንገዳገደች ከጓዳ ትመጣና የድንች ጆንያ በሚቆምበት ብረት ላይ ራሷ ትወጣለች። ሊያግዛት የሞከረ ሰው ጩኸቷን አይችለውም። ከወጣች በኋላ ሁለት እጆቿን ሽቅብ ሰቅላ ቀጥ ትላለች፤ እጆቿን ካልሰቀለች የሚጨበጨብላት አይመስላትም። አባቷ ባለሱቁ ያጎነብሳል፣ ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ብሎ እስኪረጋ ትንፋሹን ይይዛል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ከዚያ ይጨበጨባል። ፎጣው ይነሳና ወደ ሽንኩርቱ ይታለፋል።

የዚያን ቀን ጠዋት ቀስቱ አሥር ላይ ደርሶ አልነቃነቅም አለ። ባለሱቁ የራሱን ሚዛን ያላመነ ይመስል ዓይኑን ጠራርጎ እንደገና አጎነበሰ።

«አሥር!» አለ። «እማማ፣ አሥር ገባች!»

«ጫማዋን አውልቀህላታል?»

«ባዶ እግሯን ናት እኮ!»

«እንግዲያው ፎጣው ይሆናላ።»

«ፎጣውን ቀንሼ ነው፣ እማማ። አሥር ድፍን!»

አጨበጨቡ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳው አልጋ ላይ፣ ሌላ ጭብጨባ ተቀበላቸው፤ ቀጭን፣ ሥጋ የሌለው፣ ሁለት ካርቶን ሲጋጭ የሚሰማ ዓይነት።

«ስንት ሞላች?» አለ ከውስጥ የልጅ ድምፅ።

«አሥር፣ አለቃ!»

«ስንት ቀራት?»

«ምንም! ጨረሰች!» አለ አባቱ።

አለቃ የሚሉት ከአልጋው ሳይወርድ ቤቱን ስለሚያዝ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚያየው ሰው ግን ሦስት ይለዋል። የሚውጠው ኪኒን ፊቱን እንደ ሊጥ ነፍቶታል፣ እግሮቹን ደግሞ ያየ ሰው ቶሎ ወደ ሌላ ነገር ያያል። ከተወለደ ወር ሳይሞላው ደም ያስቀምጠው ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ አንጀቱ ቆስሎ ሽሮ አያውቅም። አሁን የሚወጣው ነገር ሁሉ ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወጣው። ከረጢቱን የምትቀይርለት እናቱ ናት። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ከረጢቱ እንዳይወርድበት ከቁርጥራጭ ጨርቅ መቀነት ሰፍታለታለች፤ አንዱ ከዘበኛ ልብስ የተረፈ፣ አንዱ ከነርስ፣ አንዱ ከትራፊክ ፖሊስ። «ዛሬ ማን ልሁን?» ይላታል ጠዋት ጠዋት። ያን ቀን ትራፊክ ፖሊስ ሆነ። እናቱና እህቱ ውጤት ሊቀበሉ ሆስፒታል የሚሄዱበት ቀን ነበርና፣ መንገዱን እንዲያስከፍትላቸው ነው።

ገርበብ ባለው በር ጡረተኛው ጎረቤት አንገቱን አስገባ። ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ሰው ሳይነካካው ሽንኩርቱን ለመምረጥ።

«እቺንስ ኪሎዋን ስንት እያላችሁ ነው?» አለ፣ ሚዛኑ ላይ እጆቿን ሰቅላ የቆመችውን ልጅ እያየ።

«አይችሏትም፣ ጋሼ! እሷ እንደ ወርቅ በግራም ናት!»

ሁሉም ሳቁ። እናትየውም ሳቀች። የዚያን ጠዋት ማንም ምንም ቢላት ትስቅ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ሄደች። ሰው ሲያልፍ ክርኑ እንዳይነካት ትከሻዋን ታስቀድማለች። ይሄ ልማድ ሆኖባት ነው። በዚያ ቤት የልጅቷ ደም እንደ ሌላ ሰው ደም አይደለም። አንድ ቀን የቆርቆሮ ክዳን ጣቷን ሲቆርጣት አማትየዋ «ደሟን! ደሟን!» እያሉ ሰፈሩን አስነሱት፤ ጣቷን ያሰሩበት ጨርቅ ከራሷ ይበልጥ ነበር። ወደ ውጭ አትወጣም፣ ድመት አትነካም፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አትጫወትም። ወተቱ የሷ ነው፣ እንቁላሉ የሷ ነው። ወተት ተወዶ ትልልቆቹ ባዶ ሻይ መጠጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስም ግን አልወጣላትም። «ወንድሟ ሲድን አብሮ ይወጣላታል» አሉ አማትየዋ፤ እንደ ስለት ያለ ነገር ነው። ሆስፒታሉ ካርድ ላይ «ሕፃን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እሷም «መድኃኒት» ሲሏት ትዞራለች፣ በሌላ በምንም አትዞርም።

የአለቃ ሐኪም የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ያስረዳቻትን እናትየው ለጠየቃት ሁሉ ስትናገር ኖራ በቃሏ ይዛዋለች። ሰውነት፣ ጠላት ሲገባበት ይቆጣል። መቆጣቱ ደግ ነው፤ ጠላቱን የሚያባርረው በዚያ ነው። ጠላቱ ሲወጣ ደግሞ «በቃ፣ ተዉ» የሚል መልእክተኛ አለው፤ ኢንተርሉኪን አሥር ይሉታል። «ያንቺ ልጅ መልእክተኛው አላነሰውም» ብላ ነበር ሐኪሟ። «እንዲያውም ከኔም ካንቺም ይበልጥ አለው። ህዋሶቹ ናቸው መስሚያ ሳይኖራቸው የተፈጠሩት። በቃ ይባላሉ፣ አይሰሙም። የሚዋጉት ሲያጡ የገዛ አንጀቱን ይዋጉታል።» መልእክተኛውን በመርፌ ቢጨምሩለትስ? አይሆንም፤ መስሚያ ለሌለው ድምፅ ቢጨምሩለት ምን ዋጋ አለው። መስሚያ ያላቸው አዲስ ህዋሶች ነው የሚያስፈልጉት። እነሱ ደግሞ የሚወለዱት አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው። የሚገጥም መቅኔ ያለው ወንድም ወይም እህት ቢኖረው!

ወንድምም እህትም አልነበረውም። በሽታው ከእናትም ከአባትም ተሰብስቦ የመጣ መሆኑን ሐኪሟ ስትናገር አማትየዋ አብረው ተቀምጠው ነበር። እቤት ሲገቡ ለጎረቤት «ከሁለቱም ነው ብላለች» አሉ፤ ጥቂት አሰብ አድርገውም «ከሁለቱም ማለት ከሷ ማለት ነው፤ በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ሲሉ ጨመሩበት። እናትየው መጋረጃው ጀርባ ከረጢት እያጠበች ነበር። ከረጢት ውድ ስለሆነ ታጥቦ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ቀና ብላም አላየች። በዓመቱ አረገዘች።

ሐኪሟ «ከአራት አንድ» የሚል ነገር ተናግራ ነበር። የሚወለደው ልጅ በሽታውን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው አለች። ከወንድሙ ጋር የመግጠም ዕድሉም ከአራት አንድ ነው አለች። ባለሱቁ ሁለቱን ሰምቶ አንድ አደረጋቸው። «ይሄማ ቲማቲም ነው» አለ በዚያው ቀን ማታ፤ «ከአራት አንዱ ይበሰብሳል፣ ያልበሰበሰው ይበላል።» ሁለት ጊዜ የተነገረው አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሆነ ማንም አልተቃወመውም። ልጅቷ ጤነኛ ሆና፣ ጡት ስባ፣ ጮሃ ስትወለድ ታዲያ ቤቱ በሙሉ ከአራቱ የተበላሸውን አመለጥን ብሎ ተነፈሰ። ሐኪሟ «ልጅቷ ስትወለድ ወዲያው ደሟን አምጡልኝ» ብላ ነበር። አማትየዋ «የአራስ ደም? እኔ ቆሜ?» አሉ። መቅኔው የሚወሰደው ወደ አሥር ኪሎ ስትጠጋ መሆኑንም ሐኪሟ ተናግራ ስለነበር፣ «እንግዲያው አሥር ኪሎ ትሙላ፣ ያኔ ሁሉም አንድ ላይ ይሆናል» ተባለ። ባለሱቁ ሚዛን ያውቃል። የማይታወቀውን ነገር የሚታወቅ ነገር ላይ አሳረፉት። እናትየው ደግሞ ምንም አላለችም። ካልተመረመረች እስከዚያ ገጥማለች ማለት ነው፤ ምን አነካካት? ደሟ የተሰጠው ገና ባለፈው ወር፣ ዘጠኝ ኪሎዋን ስታልፍ ነበር።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ወንበሮቹ በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነቀነቃል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ስለ አውቶቡስ ዋጋ ካማረረች በኋላ ልጅቷን አየች።

«ስታምር! እቺ ናት የታመመችው?»

«የለም፣ እቺ መድኃኒቷ ናት» አለች እናትየው። ደስ ብሏት ነው የመለሰችው።

ሴትዮዋ ልጅቷን አየች፣ እናትየውን አየች፣ ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዛወረች። ከዚያ በኋላ ስለ አውቶቡስም አላወራችም።

ስማቸው ተጠርቶ ሲገቡ ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ነበር። ብዙ ታጠበች። ዞራ ሳትቀመጥ፣ ፎጣውን እንደያዘች፣ «አልገጠመችም» አለች።

ልጅቷ የሐኪሟን ማዳመጫ ከጠረጴዛው ላይ ለማውረድ እየተንጠራራች ነበር።

«ትንሽም?» አለች እናትየው፤ ጨርቅ ሲያጥር ከጠርዙ ተጎትቶ የሚገኝ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«ግማሿ ይገጥማል። ግማሽማ አንቺም አባቱም ትገጥማላችሁ።»

«ከኔ ውሰዱዋ! አሁን ውሰዱ!»

ሐኪሟ ተቀመጠች። የደከማት ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ግን ውጭ ገና ብዙ ሰው አለ። «በግማሽ የሚገጥምም ይሰጣል» አለች። «ይከብዳል እንጂ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ቢሆን ካንቺ እንሞክረው ነበር። አሁን ሰውነቱ አልቋል፣ እህቴ። መቅኔው ከመሰጠቱ በፊት የድሮውን ማጥፊያ መድኃኒት አለ፤ እሱን አይችለውም። በሽታው ሳይሆን እኛ ነን የምንገድለው። ስትወለድ አምጪልኝ ብዬሽ አልነበር? በሳምንት ውስጥ ይታወቅ ነበር። የት ከርማችሁ ነው?»

«ክብደት እስክታገኝ ብለን…»

«ክብደቱ ለመቅኔው ነው። ለምርመራው አንድ ጠብታ ደም ይበቃል።»

«ጤነኛ ናት ስትሉን እኮ… ያ ከአራት አንዱ…»

«እሱ የበሽታው ነው። ይሄ የመግጠሙ ነው። ሁለት ነገር ነው የነገርኳችሁ።»

እናትየው ጭኗ ላይ የወደቀ ክር አገኘችና ለቀመችው። ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። ቲማቲሙ ትዝ አላት፤ ቲማቲም ሲባል ሁሉም ሳቅ ብሎ የተቀበለበት ማታ።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን እሱ ክብደት ቢጨምር፣ ትኩሳቱም ቢለቀው፣ እንደገና እናየው ነበር። ቃል አልገባልሽም። ስንት ደርሷል? እቤት ትመዝኑታላችሁ?»

እናትየው አፏን ከፈተች። በዚያ ቤት ሚዛን ጠፍቶ አያውቅም። ሽንኩርት ተመዝኗል፣ ድንች ተመዝኗል፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ለቀልድ ተመዝኖበታል። ልጁ ግን አንድም ቀን አልወጣበትም። የታመመ ልጅ መመዘን ሟርት ነው ይላሉ አማትየዋ፤ ሌላውም ቢሆን ቀስቱ የት እንደሚቆም ማየት አልፈለገም።

«አንመዝነውም» አለች።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻትና ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የሕመም ማስታገሻ ጻፈችለት፤ ከበፊቱ ጠንከር ያለ።

ልጅቷ የወደቀችው መውጫው ደረጃ ላይ ነው። እናትየው እጇን አልያዘቻትም ነበር፤ መቼ እንደለቀቀቻት አታውቅም። ሁለት ደረጃ ተንከባልላ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቷ አረፈች። ቆዳዋ ተገፎ ደሙ መጀመሪያ ነጠብጣብ ሆነ፣ ከዚያ ገጥሞ ወረደ። አላለቀሰችም። ተቀምጣ ግራና ቀኝ አየች። «ደሟን! ደሟን!» የሚለው ጩኸት እስኪመጣ ነበር የምትጠብቀው፤ ጩኸቱ ይመጣል፣ ሰው ይሮጣል፣ ጨርቅ ይመጣል፣ ከዚያ ይለቀሳል። በዓመት ከመንፈቅ ዕድሜዋ የምታውቀው ይህንን ነው። እናትየው ሦስት ደረጃ ከፍ ብላ ቆማ ደሙን ታያለች። ቀይ ነው። እንደ ማንም ሰው ደም ነው። ካልሲዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየችው፣ አንድም የሰውነቷ ክፍል አልተንቀሳቀሰም። ጩኸቱ የማይመጣ መሆኑን ልጅቷ ስትረዳ ነው ለቅሶውን ያቀለጠችው።

ያነሳት የበሩ ዘበኛ ነው። «አንቺ!» አለ ልጅቷን አቅፎ ወደ ላይ እየወጣ። «ቆመሽ የምታዪው ምኑን ነው? ያንቺ አይደለችም እንዴ?» ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሷል። የኪሱ ጠርዝ ስፌት የሷ እጅ መሆኑን አወቀችው፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ልጅቷን ተቀበለችው። አላመሰገነችውም።

አውቶቡሱ ውስጥ ስልኳ ጠራ። ባለሱቁ ነው። ልጅቷ የስልኩን ድምፅ ስትሰማ እንባዋን ረስታ «አባ!» አለች፤ እጇን ዘረጋች። እናትየው ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ አፍና እስኪዘጋ ጠበቀች። ደግሞ ጠራ። ደግሞ ዘጋ። መውረጃቸው ላይ ሁልጊዜ ሙዝ የሚገዛበት ጋሪ አለ፤ ልጅቷ እጇን እየጎተተች ወደ ጋሪው አዘነበለች። ሻጩም ለምዶ አንዱን ቆርጦ ይዞ ነበር። «ዛሬ አይደለም» አለችው እናትየው። ለምን አይደለም እንዳለች ራሷም አላሰበችበትም፤ ገንዘቡ ኪሷ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ጠዋት የሞላችው አሥር ኪሎ የእናትየውን ክንድ ሲያዝለው ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረቻት፤ ይህ ሁሉ ጤና ምን ያደርግላታል የሚል ሐሳብ መጣባት። መጥፎ ሐሳብ መሆኑን አውቃለች። እስከ ቤቷ በር ግን አብሯት ሄደ።

አማትየዋ ሱቁ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። መምጣታቸውን ሲያዩ ቢላዋውን አስቀምጠው ተነሱ፤ ፊታቸው ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለመሳቅ። ከዚያ የልጅቷን ጉልበት አዩ። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል፣ ካልሲው ላይ ፈሶ ተጋግሯል። አልታሰረም። አልታጠበም እንኳን። አማትየዋ ጉልበቱን አዩና እናትየውን አዩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በአንዲት ጠብታ ሲጮኹ የኖሩት ሴትዮ ዛሬ «ደሟን!» አላሉም። ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡና ቢላዋውን አነሱ። ባለሱቁ ከውስጥ «እ? እ?» እያለ ሮጦ ሲወጣ እናቱ የሚልጡትን ሽንኩርት አየ፤ እንባቸው ይረግፋል፣ ሽንኩርቱ ነው እንዳይባል ከሽንኩርቱ ፊታቸውን አዙረዋል። ቆመ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጥቂት ቆይቶ ገብቶ ድንች ያገላብጥ ጀመር፤ የበሰበሰውን ካልበሰበሰው ይለያል።

«ወሰዱላት?» አለ አለቃ፣ እናቱ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ። «መቅኔዋን ወሰዱላት?»

«ገና ነው፣ አለቃ።»

«አሞኛል በያቸው። ቶሎ በሉ በያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መንገዱን ከፍቼላችሁ ነበር» አለ፣ መቀነቱን እያሳያት። «ሁሉንም መኪና አስቁሜ።»

ከረጢቱን ቀየረችለት። ከውስጥ የወጣው ደም ከትናንቱ ይበልጣል። ዱቄት ነስንሳ፣ ጠርዙን በጣቷ ተጭና ለጠፈችው፤ ትኩሳቱ ጣቷን ፈጀው። አዲሱን ማስታገሻ ስትሰጠው «ይሄ ጎበዝ ነው?» አላት። ጎበዝ ነው አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። እህቱ ደም በደረቀበት ጉልበቷ እያነከሰች መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ አገጯን አስደገፈች። እጁን ፀጉሯ ላይ አደረገ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቀስ አድርጎ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚነካ ሰው።

ሱቁ ሳይዘጋ ነው እራት የሚበሉት፤ አንዱ እየተነሳ ደንበኛ ያስተናግዳል። በዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። የተቀቀለው እንቁላል እንደ ወትሮው አማትየዋ ፊት ተቀምጧል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ጉልበታቸው ሥር ቆመች። አማትየዋ እንቁላሉን ላጡት፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ጥቂት በእጃቸው እንደያዙት ቆዩና ልጃቸው ሳህን ላይ አስቀመጡት። ባለሱቁ እንቁላሉን አየው። ከዚያ በላው። ልጅቷ አፏን አልዘጋችም፤ የተሳሳተ አቅጣጫ የሄደ ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆና፣ ወደ አባቷ ጉንጭ እያየች ጠበቀች።

«ያቺን ልጅ ከመተላለፊያው አንሺያት» አሉ አማትየዋ።

ያቺን ልጅ አሉ። እናትየው አነሳቻት። ከፊቷ ያለውን ምግብ ልታጎርሳት ሞከረች፤ ልጅቷ ተፋችው። ሽንኩርት የምትፈልግ ደንበኛ መጣችና ባለሱቁ ተነስቶ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ሲቀሩ አማትየዋ የድስቱን ቂጥ እየፈገፈጉ፣ ወደ ድስቱ እያዩ፣ «ገና ልጅ ነሽ» አሉ። «ሌላ ይሞከራል።»

«እስከዚያ እሱስ፣ እማማ?»

«እስከዚያ ይጠብቃላ። እስካሁን ጠብቆ የለም እንዴ?»

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይበቃል፣ ይበቃዎታል የሚል ነገር ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን ይበቃል ያላለችበት ጊዜ በጣም ብዙ ስለሆነ ከየትኛው እንደምትጀምር አላወቀችም። ሳህኖቹን ደረበቻቸው። ቀና ስትል ልጅቷ ጭኗ ላይ የለችም።

ሱቁ ውስጥ መብራቱ በርቷል። ጡረተኛው ጎረቤት ለነገ የሚሆን ድንች መርጦ፣ ባለሱቁ በጆንያ ይዞለት ወደ ሚዛኑ ሲዞር፣ ሚዛኑ ተይዟል። ልጅቷ ያለ ፎጣ፣ አፈር ያለበት ብረት ላይ በባዶ እግሯ ወጥታ ቆማለች። ሁለት እጆቿን ሽቅብ ሰቅላለች። ጉልበቷ ላይ ያለው ደም ተሰነጣጥቋል። አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ አባቷን፣ ጡረተኛውን፣ ከእራቱ ተነስተው የመጡትን አያቷን፣ ከአያቷ ጀርባ እርጥብ እጇን የምታደርቀውን እናቷን።

«እህ፣ ማታ ማታም ለገበያ ትቀርባለች?» አለ ጡረተኛው። «ዛሬስ ስንት ገባች?»

ማንም አልሳቀለትም። ጡረተኛው ፊታቸውን ቃኝቶ ኮፍያውን አስተካከለ፤ ምን እንዳጠፋ አላወቀም።

ልጅቷ እጆቿን ይበልጥ ሰቀለች። በእግሯ ጣቶች ቆመች። ምንም የሚመጣ ነገር ሲጠፋ ዘለል፣ ዘለል አለች፤ ቀስቱ አሥርን አለፈ፣ ተመለሰ፣ አለፈ፣ ተመለሰ። ከዚያ ራሷ ማጨብጨብ ጀመረች። ትልልቆቹ የረሱትን ነገር ልታስታውሳቸው ይመስል፣ ቀስ እያለች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ከጓዳው ውስጥ፣ በማስታገሻው በደነዘዘ ድምፅ፣ «ስንት ሞላች?» የሚል መጣ። መልስ ሳይጠብቅም ያ ቀጭን ጭብጨባ ተከተለ። እህቱ ሰማችውና ሳቀች፤ እሷ ስታጨበጭብ እሱ እየተቀበላት፣ እሱ ሲያቆም እሷ እየቀጠለች፣ በመጋረጃው ግራና ቀኝ አጨበጨቡ።

«ውረጂ» አለ ባለሱቁ። «ሰው ቆሟል።»

አልወረደችም። በብብቷ ይዞ አነሳት፣ መሬት ላይ አስቀመጣት፣ የድንቹን ጆንያ በቦታዋ አቆመ። አጎንብሶ ቀስቱ እስኪረጋ ትንፋሹን ያዘ። ቁጥሩንም ለጡረተኛው ነገረው። ልጅቷ እጇን አውርዳ ጆንያውን ትመለከታለች። ከጓዳው የሚመጣው ጭብጨባ ግን አላቆመም። እናትየው መጋረጃው ጋ ደረሰች፣ ጨርቁን ያዘች፣ አልገለጠችውም። ልጁ ማጨብጨቡን ቀጠለ፤ ገብቶ በቃ የሚለው ሰው አልነበረም።